ጎዶሎ ቁጥሮች

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው «የየት አገር ሰው ነህ?» ሲባል መጀመሪያ «የድሬ ልጅ ነኝ» ይላል። ጠያቂው ካልተወው ሁለተኛው መልስ ይከተላል፦ «በዘር እንኳ ከሸዋ ነን፤ ቅድመ አያቴ ከራስ መኮንን ጋር ነው የመጣው።» ሦስተኛ መልስ ብዙ ጊዜ የለም። እናቱ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የአባቱ እናት ከየት እንደመጣች፣ ያ ከራስ መኮንን ጋር የመጣው ወታደር እዚህ ማንን እንዳገባ ጠያቂው አይጠይቅም፤ ተጠያቂውም አያነሳውም።

ዘር መቁጠር የሚጀምረው ከዚህ ዝምታ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገሩን ለማስረዳት አንድ ሰው እንውሰድ። የተበጀ ሰው ነው፤ ስምም አንሰጠውም። በ1955 ዓ.ም ድሬዳዋ የተወለደ፣ አባቱ ምድር ባቡር ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አያቱ ከተማው ከተቆረቆረ በኋላ ከሐረር ወደ ቆላው ወርዶ የሰፈረ። ከዚራም ገንደ ቆሬም ለገሃሬም ቢኬድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም።

መጀመሪያ ቁጥር ይሰጠዋል። ሰውየው 1 ነው። አባቱ 2፣ እናቱ 3። ከዚያ ወዲያ ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ የማንም ሰው አባት የራሱ ቁጥር በ2 ሲባዛ ይገኛል፤ እናቱ ደግሞ በዚያ ላይ 1 ሲጨመር። ስለዚህ የአባቱ አባት 4፣ የአባቱ እናት 5፣ የእናቱ አባት 6፣ የእናቱ እናት 7 ይሆናሉ። ያ ከራስ መኮንን ጋር የመጣው ወታደር 8 ነው፤ ሚስቱ 9። ቁጥሩ ለጌጥ አይደለም። በአንድ ቤተሰብ ሦስት ተሰማ፣ አራት ወለተ ማርያም ሲኖር ማንኛው እንደተባለ የሚለየው እሱ ብቻ ነው። የዘመድ ስያሜም ብቻውን አያስተማምንም። ከቅድመ አያት በላይ ያሉትን ምንዥላት፣ ቅምዥላት፣ እንዥላት፣ ፍናዥላት እያልን ብንጠራም ቅደም ተከተላቸው ከአገር አገር ይለያያል፤ የአንዱ አምስተኛ ለሌላው ስድስተኛ ነው። ሽማግሌው «ምንዥላቴ» ካሉ ቃሉን እንዳለ ጽፎ «የማን አባት?» ብሎ መጠየቅና ቁጥሩን ማስፈር ይሻላል።

ከ1 በቀር ጎዶሎ ቁጥር ሁሉ ሴት ነው። ሰንጠረዡ እስከ 15 ሲሞላ ማየት ነው፤ ሙሉ ቁጥሮቹ ይሞላሉ፣ ጎዶሎዎቹ ጎድለው ይቀራሉ። ወንዱን መስመር ሰው በቃሉ ይዞታል፤ ከመታወቂያ ጀምሮ ስማችን ራሱ የአባትና የአያት ስም ስለሆነ አይረሳም። ግን እዚህ ላይ አገራችን ለዘር ቆጣሪ የሰጠችው አንድ ትልቅ ጸጋ አለ፦ ሴት አግብታ ስሟን አትለውጥም። የሰውየው ሦስት ስም 1ን፣ 2ን እና 4ን ይሰጣል። የእናቱ መታወቂያ 3ን፣ 6ን እና 12ን ይሰጣል። የአባቱ እናት ሙሉ ስም ከተገኘ 5፣ 10 እና 20 በአንድ ወረቀት ይመጣሉ። 7 ደግሞ 14ን እና 28ን ይዛ ትመጣለች። እያንዳንዷ ጎዶሎ ቁጥር የአዲስ መስመር በር ናት። የወንዱን መስመር ለአሥረኛ ጊዜ ከማጣራት የአንዲት አሮጊት የተቀደደ መታወቂያ መፈለግ ብዙ እጥፍ ያተርፋል።

ፍለጋው ከአልጋ ሥር ካለው ሻንጣ ይነሳል። የሚኒስትሪ ፈተና ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የጡረታ ደብተር፣ የቤት ኪራይ ደብተር፣ የሰማኒያ ውል፣ ጀርባቸው የተጻፈባቸው ፎቶዎች። ሁሉም ከፊትም ከኋላም በስልክ ይነሳሉ፤ ከዚያ ጽሑፉ እንዳለ፣ ስሕተቱ ሳይታረም ይገለበጣል። «ገብረ ሥላሴ» በአንዱ ወረቀት ላይ «ገብሬ» ከሆነ «ገብሬ» ተብሎ ይጻፍ፤ አንድ ሰው መሆናቸው ሲረጋገጥ ብቻ በኅዳግ ይታሰር። ቀድሞ ያረመ ሰው በኋላ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን አንድ አድርጎ ሲገኝ ከየት እንደሳተ አያውቅም። በደርግ ዘመን ወረቀት ላይ ያለ «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ቁጥር ከዛሬው ጋር አይገጥምም፤ ቀበሌዎቹ ተጣምረዋል። ቤቱን በቁጥር ሳይሆን በጎረቤት፣ በወፍጮ ቤት፣ በመስጊድ ወይም በቤተ ክርስቲያን መለየት ይቀላል።

የድሬዳዋ ልዩ ጣጣ ፊደል ነው። የፈረንሳዩ ኩባንያ ባቡሩን ድሬዳዋ ያደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በኋላ ከተማዋ ለረጅም ዘመን ስትጽፍ የኖረችው በአማርኛና በፈረንሳይኛ፣ ኋላም በእንግሊዝኛ ነው። ሽፈራው የሚባል ሠራተኛ በፈረንሳይኛ ሲጻፍ «ሽ» በ«ሴ» ፊደል ስለምትጀምር ፋይሉ እዚያ ይገባል፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን «ኤስ» ሥር ነው። ጨርቆስ በፈረንሳይኛ «ቴ» ሥር፣ በእንግሊዝኛ «ሲ» ሥር። ጀማልን ፈረንሳይኛው ጅቡቲን እንደሚጽፈው በ«ዴ» ይጀምረዋል። ውብሸት በአንዱ «ኦ»፣ በሌላው «ደብልዩ» ነው። አንድ ፊደል ብቻ ፈልጎ «ስሙ የለም» ብሎ የሚመለስ ብዙ ነው። የራሳችንም ፊደል አያርፍም። ኃይሉ በሀሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ ወይም በብዙኃኑ ኀ ሊገባ ይችላል፤ ሦስቱ በመዝገብ ላይ በጣም ይራራቃሉ። ሠይፉና ሰይፉ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀጋዬና ጸጋዬም እንደዚያው። ፍለጋ ከመውጣት በፊት የአንዱን ስም የመጻፊያ ዓይነቶች ሁሉ በአንድ ወረቀት ዘርዝሮ ኪስ ውስጥ መያዝ ቀላሉ መድኃኒት ነው።

ከመንግሥት መዝገብ ብዙ መጠበቅ አይገባም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ታውጆ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተሰጠ የልደት ምስክር ወረቀት ብዙውን ጊዜ የተወለደው ሰው ካደገ በኋላ፣ ለትምህርት ወይም ለጉዞ ሲፈለግ የወጣ ነው፤ የትውልድ ቀኑም ያኔ የተነገረው ቀን ነው። በላዩ የዘመን መቀየሪያው ስሕተት ይጨመራል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ለተወለደ ሰው ወደ አውሮፓ አቆጣጠር 7 ዓመት ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። ለሁሉም 8 የደመረ ጸሐፊ ጥቅምት የተወለደውን በአንድ ዓመት ልጅ አድርጎታል። በሂጅራ ዕድሜውን የቆጠረ ሽማግሌም አለ፤ 33 የሂጅራ ዓመት 32 የፀሐይ ዓመት ገደማ ስለሆነ 66 ነኝ ያሉት በእኛ 64 ናቸው።

ከመንግሥት መዝገብ ይልቅ ሦስት ወረቀቶችን እመርጣለሁ። አንደኛው የዕድር መዝገብ ነው። ዕድር የሚከፍለው ለአባሉ ሞት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ዕድር ለአባሉ እናትና አባት፣ አንዳንዱም ለአማቶች ስለሚከፍል አባሉ ሲመዘገብ ስማቸውን ያስጽፋል። እዚያ ላይ መዋሸት ገንዘብ ያስከለክላል፤ ስለዚህ ስሙ የተጠነቀቀ ነው። በመዝገቡ የሚታየው በማን ሞት ለማን እንደተከፈለ ነውና የክፍያው ቀን የሞት ቀንን ይጠቁማል። ሁለተኛው የሰማኒያ ውል ነው። የሙሽራዋ አባት ስም፣ ዋሶቹና ምስክሮቹ ይጻፉበታል፤ ዋስ ደግሞ ከመንገድ የተጠራ ሰው አይሆንም፣ አጎት ወይም የቅርብ ዘመድ ነው። ጎዶሎ ቁጥር የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ወረቀት አያገኝም።

ሦስተኛውና ትልቁ የውርስ ፋይል ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሟች ልጆች ካሉት ልጆቹ ይወርሳሉ፤ ልጅ ከሌለው ወደ አባትና እናቱ፣ እነሱ ከሞቱ ወደ ሌሎቹ ልጆቻቸው ይዞራል፤ እነሱም ከሌሉ ወደ አያቶቹ፣ ከዚያም ወደ ቅድመ አያቶቹ መስመር ይወጣል። ስለዚህ ለዘር ቆጣሪ የሚጠቅመው ልጅ የወለደው ዘመድ ፋይል ሳይሆን መካን የሞተችው አክስት ፋይል ነው። ወራሽነቱን ለማረጋገጥ አመልካቾች እስከ አያት ድረስ ዝምድናቸውን በምስክር ያስረዱበታል። ፋይሉን ለማየት የመዝገብ ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በቤቱ ካርታ ወይም በስም ማዛወሪያው ወረቀት ላይ ተጠቅሶ ሊገኝ ይችላል። ራስ ወራሽ ያልሆነ ሰው ከወራሾቹ ከአንዱ ውክልና ይዞ ሬጅስትራር ዘንድ ማመልከት ይቀለዋል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ከሌላ እናት የተወለደ ልጅ ከዝርዝሩ «ተረስቶ» ሊገኝ ይችላል። ፋይሉ ላይ ኋላ የቀረበ መቃወሚያ ካለ ከዋናው ማመልከቻ በፊት እሱን ማንበብ ነው፤ የተረሳው የሚገኘው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ሰው። ሽማግሌን «እስከ ስንት ትውልድ ይቆጥራሉ?» ብሎ መጀመር ውድድር መክፈት ነው፤ ሰውየው ሰባት ቤት ለመሙላት ሲል የማያውቀውንም ስም ይሰካል። ሰባት ቤት መቁጠር ለጋብቻ የሚደረግ ማጣሪያ ስለነበር መሙላቱ ክብር ነው። ይልቅ በቀብር ይጀመር፦ «አባባ፣ አያትዎ ሲሞቱ የት ተቀበሩ? ተዝካራቸውን ማን አወጣ? ከሩቅ ማን ማን መጣ?» የመጣው ዘመድ ስምና የመጣበት አገር ከዘር ሐረጉ ይልቅ በደንብ ይታወሳል። «አጎቴ» ሲሉ ወዲያው «በአባት ነው በእናት?» ይባል፤ አማርኛ የአባት ወገን አጎትና አክስትን ከእናት ወገን አይለይምና እዚህ ላይ ያለፈ ሰው ሰንጠረዡን ገልብጦ ይሠራል። «ወንድሜ» ያሉትም የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል። የልጆች ቅደም ተከተል፣ የሞቱት ሕፃናት ጭምር፣ በደንብ ይጠየቅ፤ ሕፃናቱ በክርስትና ስማቸው ሊታወሱ ይችላሉ።

ሴቶቹን ለብቻ መጠየቅ ግድ ነው። ባል አጠገብ ተቀምጦ ሚስትን ስለ ቤተሰቧ መጠየቅ ባልን መጠየቅ ነው። እማማ ቡና ሲያፈሉ አጠገባቸው ተቀምጦ ማን ማንን እንደዳረ፣ ማን ማንን እንዳጠባ፣ ማን በማን እጅ እንዳደገ መስማት ይሻላል። ወንዶቹ ዘንድ ደግሞ በድሬዳዋና በሐረር የታወቀ አንድ ጉዳይ አለ፦ በርጫ። ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ሲጀመር መቅዳት ይቻላል፤ ምርቃናው ከደረሰ በኋላ ግን ባላምባራሱ ፊታውራሪ፣ ፊታውራሪው ደጃዝማች እየሆነ ይሾማል። ድምፅ ሲቀዳ ፈቃድ መጠየቅ፣ ከአንድ ሰዓት አለማስበለጥ፣ በሌላ ቀን ተመልሶ ያንኑ ጥያቄ በሌላ አኳኋን መድገም። ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ከተለየ ሁለቱም ይጻፉ። ከአዲስ አበባና ከሌላ ቦታ የሚመጡትን ዘመዶች አንድ ላይ ለማግኘት ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ ታኅሣሥ 19፣ አመቺ ነው።

ዘመን መወሰን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፣ ግን ቀላል ነው። የ4ን፣ ማለትም የአያቱን የትውልድ ዓመት የጻፈ የለም እንበል። በቃል የቀረው «በዘመነ ዮሐንስ፣ ባቡሩ ድሬ ከገባ ወዲህ፣ ራስ መኮንን ሳይሞቱ» የሚል ነው። ዘመነ ወንጌላዊውን ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ በ4 ማካፈል ነው፦ 1 ቢቀር ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይቀር ዮሐንስ። 5500 ራሱ በ4 እኩል ስለሚካፈል ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ማካፈል ይበቃል። ባቡሩ የገባው ታኅሣሥ 1895፣ ራስ መኮንን ያረፉት መጋቢት 1898 ነው። በመካከል ያለው ዘመነ ዮሐንስ 1896 ብቻ ነው። አያት በ1896 ተወለደ ማለት ነው፤ ከዚያ የበለጠ ወረቀት አያስፈልግም። ለእንዲህ ያለው ሥራ የአካባቢውን ዋና ዋና ዓመታት በቃል መያዝ ይጠቅማል፦ ግብፆች ከሐረር የወጡበት 1877፣ ጨለንቆ 1879፣ ከዚያ የተከተለው ክፉ ቀን፣ ዓድዋ 1888፣ ሰገሌ 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ጣሊያን ሐረር የገባበት 1928፣ የወጣበት 1933፣ የሶማሊያ ጦርነት 1969 እና 1970።

ወታደሩ 8 ላይ ስንደርስ «ከራስ መኮንን ጋር የመጣ» የሚለው ቃል ይፈተሻል። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አሚር አብዱላሂን ጨለንቆ ላይ ድል አድርጎ ሐረር የገባው በ1879 ነው። በዚያ ዓመት ጠብመንጃ የያዘ ሰው ቢያንስ ወደ 20 ዓመት ይጠጋል፤ ስለዚህ የተወለደው ከ1860 ወዲህ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል። ልጁ በ1896 ሲወለድ ከ36 ዓመት በላይ ነበር፤ ይገጥማል። የመጨረሻ ልጁ በ1925 ተወለደ ከተባለ ግን 65 ዓመት አልፎታል፤ ወይ የመጣው ኋላ ነው፣ ወይ አንድ ትውልድ ተዘሏል። ኋላ የመጣ ብዙ ነው። ከራስ መኮንን በኋላ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ በ1902 ደግሞ ደጃዝማች ተፈሪ ሐረርን ሲይዙ እያንዳንዱ ገዥ የራሱን ሰው ይዞ ነው የመጣው። ጊዜ ሲያልፍ ሁሉም «ከራስ መኮንን ጋር» ይሆናል፤ ክብሩ እዚያ ነዋ።

«ሸዋ» ደግሞ አድራሻ አይደለም። መንዝ ነው? ተጉለት? ቡልጋ? ይፋት? መርሐ ቤቴ? ከዚያ ደብሩ ማን ነው? ቤተሰቡ ይህን ረስቶ ከሆነ በየወሩ የሚዘክሩትን ጽዋ ማየት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ገብርኤልንና ሚካኤልን ሲዘክር አንድ ቤት ብቻ ለብቻው የሚዘክረው ታቦት ካለ ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ሊሆን ይችላል። ወታደሩ ሸዋ የተወውን ሚስትና ልጅም መጠየቅ ይገባል፤ ይህ ጥያቄ እዚህ ያለውን ቤተሰብ ደስ አያሰኝም፣ ግን እዚያ ያለው ወገን መሬት ሲካፈል ስሙን ሲያነሳው ኖሯል።

የሃይማኖት መዛግብትን ቶሎ ልለፍ። በኦርቶዶክስ ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ የድሮ መዝገብ ግን ከደብር ደብር ይለያያል፤ በስለት ቁልቢ ተወስዶ የተጠመቀ ሕፃን ደግሞ በሰፈሩ ደብር አይገኝም። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ የንስሐ አባቱ የሚያስታውሱት ስም ቤተሰቡ ከሚያውቀው ሌላ ነው። በሐረር ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ ኋላም በድሬዳዋ የካፑቺን (የካቶሊክ መነኮሳት) ሚሲዮን ስለነበረ ካቶሊክ የሆነ ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። የላቲኑ መዝገብ የተጠማቂውን፣ የአባትና የእናቱን፣ የክርስትና አባቱን ስም በአንድ መስመር ይይዛል፤ «ፊሊዩስ» ልጅ፣ «ፓትሪኑስ» ክርስትና አባት ነው። በሙስሊሙ ወገን የቃዲው የኒካህ ወረቀት አለ። በሐረር ጁገል ውስጥ የቆዩ የዐረብኛ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ገልባጩ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ይጽፋል፤ የወቅፍ፣ ማለትም ለእምነት የተሰጠ ንብረት፣ ማስታወሻም እንዲሁ። በሶማሌዎቹ በኢሳና በጉርጉራ ቤት ደግሞ አብትርሲ አለ፤ ሕፃን ሳለ በቃል የተያዘ የአባቶች ቆጠራ ስለሆነ እየተጠየቀ ከሚታወስ ዝርዝር ይልቅ ይታመናል። እዚያም ቢሆን ጎዶሎ ቁጥር የለም።

እንግዲህ 9። የወታደሩ ሚስት። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ የምትታወቀው በክርስትና ስም ብቻ ነው፤ ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ጊዮርጊስ። የአባቷ ስም የተጠየቀ እንደሆነ አንድ የታወቀ የሸዋ መኳንንት ስም ይነሳል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። ተጠምቃ የገባች የኦሮሞ ወይም የሐረሪ ልጅ በክርስትና አባቷ ስም ልትጠራ ትችላለች፤ ወረቀቱ ላይ «አባት» የተባለው ያነሳት ሰው ነው። እንደዚያው በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ባሳዳጊው ስም ይጠራል፤ አያቱ ያሳደጉት ልጅ አያቱን «አባዬ» ሲል ኖሮ የአባቱ ስም ከመታወቂያው ይወጣል። ምልክቱ ሒሳብ ነው። በአባትና በልጅ መካከል 25፣ 30፣ 35 ዓመት ያለ ነው፤ 55 ዓመት ከሆነ አንድ ሰው መሐል ጎድሏል፣ 14 ከሆነ ደግሞ ወንድማማቾች አባትና ልጅ ተደርገዋል። ለ9 ሁለተኛ ምልክት አለ፦ ወንድሞቿ በሌላ አባት ስም ከተጠሩ፣ በረመዳን ወይም በአረፋ ከገጠር ወተትና ቅቤ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ከነበረ፣ ልጆቿ ኦሮምኛ ከእሷ ከተማሩ።

ይህን የምለው ማንንም ለማዋረድ ወይም ለመሾም አይደለም፤ ለፍለጋው ስለሚበጅ ነው። የ8 ዘመዶች በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው፣ ከ100 ዓመት በላይ ተለያይተው ነው ያሉት። የ9 ዘመዶች ግን ጠዋት ተነስቶ ማታ የሚመለሱበት ቦታ ናቸው። ሊረጋገጥ የሚችለው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ወረቀት በብዛት የጠፋባቸውን ጊዜያት ማወቅ ከንቱ ድካም ያድናል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ በወንዙ ዳር የነበሩ ቤቶች ሻንጣም አብሮ ሄዷል። በቀይ ሽብር ዘመን ፎቶና ደብዳቤ በገዛ እጁ ያቃጠለ ቤተሰብ አለ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የጠፋውን ከመፈለግ ቅጂው ማን ዘንድ እንዳለ መጠየቅ ነው፤ የሠርግ ፎቶ ለሚዜም ይሰጣል፣ የሰማኒያ ውል ሁለተኛ ቅጂ ከሙሽራዋ ወገን ጋር ይቀራል።

የዘረ መል ምርመራ የሚያስደርግም አለ። የወንድ መስመር ምርመራ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ አንዱን ጫፍ ብቻ ይከተላል፤ የእናት መስመር ምርመራ 3፣ 7፣ 15፣ 31ን። ሰባት ትውልድ ላይ 128 ሰው ስላለ ሁለቱ ጫፎች ሁለት ሰው ብቻ ናቸው። መቶኛው የሚያሳየው ድርጅቱ ከያዛቸው ናሙናዎች ጋር ያለውን መመሳሰል ነው፤ ስም አይሰጥም። የአጎት ልጅ ናሙናው ቀድሞ እዚያ ከሌለ ለ9 የሚጨምረው የለም።

ለ9 የሚጨምረው ጉዞ ነው። ቤተሰቡ «ከኖሌ ናት» ካለ ጎሳው ተገኘ፤ ኖሌና ጃርሶ ከአፍረን ቀሎ፣ ማለትም ከአራቱ የምሥራቅ ኦሮሞ ጎሳዎች፣ በዳጋ ሥር የሚቆጠሩ ናቸው፣ ሌሎቹ አላ፣ ባቢሌና ኦቦራ ናቸው። ቀጥሎ በልበላው፣ የጎሳው ንዑስ ቤት፣ ይጠየቃል፤ ጎሳ አገር ነው፣ በልበላ ደጃፍ ነው። ወደዚያ ሲኬድ ቋንቋውን የሚያውቅና በሰፈሩ የሚታወቅ ሰው አስቀድሞ፣ ስኳርና ቡና ይዞ፣ የመጣንበት መሬት ወይም ውርስ አለመሆኑን በመጀመሪያው ቃል ተናግሮ። ሽማግሌው የ9ን አባት፣ ማለትም 18ን ካወቁት፣ ከእሱ በላይ 36ን፣ 72ን፣ 144ን ሳይተነፍሱ ይቆጥሩታል። የእናቷን፣ የ19ን ስም ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ያኔ ጥያቄውን መለወጥ ነው፤ አማርኛ የማይለየውን ኦሮምኛ ይለየዋል፣ የእናት ወንድም ኤሱማ ይባላል። «ኤሱማዋ ማን ነበር?» ሲባሉ ሰውየውን ከነአባቱ፣ ከነአገሩ፣ ከነከብቱ ቀለም ያስታውሱታል። የእሱ ሁለተኛ ስም የ19ም ሁለተኛ ስም ነው። 38 ላይ ይጻፋል።